እትዬ እንኳየሁና የመንግሥት ሱሪ

እትዬ እንኳየሁ በአገሯ ሁለት ስም ነበራት። እስከ እርጅናዋ መግቢያ «ዝምተኛዋ» ይሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ «ሱሪ አስወላቂዋ» ተባለች። ከመጀመሪያው ስም ወደ ሁለተኛው ያሻገራት የአንድ ሰሞን ነገር ነው። እኔ በቦታው ነበርኩ። ዛሬም ሲነሣ መጀመሪያ ደሜ ይፈላል፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ያመልጠኛል።

ጊዜው በደርግ ዘመን፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ነው። እኔ የአንድ የገጠር ልማት ፕሮጀክት የቤት አያያዝ ባለሙያ ነበርኩ። ከጎንደር አራዳ ተነሥቼ እስከ አምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ሥራዬ ለገበሬ ሚስቶች የካሮት አበሳሰል ማስተማር ነበር። ካሮት በዚያ አገር ስላልነበረ ሥዕሉን ይዤ ነበር የምሄደው። ሴቶቹ ሥዕሉን በትሕትና አይተው «ሸጋ ነው» ይሉኝና ወደ ድንጋያቸው ይመለሳሉ።

ድንጋዩ የእርከን ድንጋይ ነው። ፕሮጀክቱ ተራራውን በእርከን ያስከብባል፤ ለሠራ ሰው ስንዴና ዘይት ይሰጣል። ወንዱ ግማሹ ጦር ግንባር ስለነበረ ድንጋዩ ያረፈው በሴቶቹ ጀርባ ላይ ነው።

እንኳየሁ እዚያው ወገራ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ለአያ ቢሻው ተድራ፣ ከወለደቻቸው ልጆች ምናለ የሚባለው ብቻ ቀረላት። እሱንም ብሔራዊ ውትድርና ወሰደውና ሚስቱን ብርቄን ለእናቱ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ባሏ አያ ቢሻው የአገሩ ሽማግሌ፣ ሙግት አዋቂ፣ ዳኛ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ንግግር በሙሉ የሱ ነበር። እሷ ወንድ ባለበት ስትናገር የሰማ ሰው የለም። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል እንኳ መጀመሪያ ያየችው እሷ ሆና ለባሏ ሹክ አለችውና የጮኸው እሱ ነው ይባላል።

የስንዴው መጋዘን ሹም ዓለምነው ነበር። ጎልማሳ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ፕሮጀክቱ የሰጠው የካኪ ሱሪ መስመሩ ሽንኩርት ይቆርጣል። «የመንግሥት ሱሪ ነው» እያለ ወንበሩን ሳያራግፍ አይቀመጥም። ስንዴ ሲያድል ወንዶቹን ደጅ ላይ ይሰፍርላቸዋል፤ ሴቶቹን ግን አንድ በአንድ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሚዛኑ ነፋስ አይወድም ይላል።

ከተዘጋው በር ኋላ የሚሆነውን ሴቱ ሁሉ ያውቃል። ምንጭ ዳር ይነጋገሩታል፣ ለባል ግን አይነግሩም፤ የተነገረው ባል ዱላውን የሚያነሣው በሚስቱ ላይ ነውና። እኔም ሰምቼ ጎንደር ወርጄ ለአለቃዬ ነገርኩት። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ነገሩ በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ እንዳልተያዘ አስረዳኝና የካሮቱን ሥዕል በቀለም አሠርቶ ሰጠኝ።

አንድ ቀን ተራው የብርቄ ሆነ። ዓለምነው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ሱሪ ኪሱ ከተተ። ከዚያ መስመሩ እንዳይበላሽ ሱሪውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ጉድ የሠራው ይኸው ጥንቃቄው ነው። ብርቄ ሱሪውን ከሚስማሩ መንጭቃ ቁልፉን አወጣች፣ ከፍታ ወጣች፣ ከውጭ ቆለፈችበትና ሱሪውን በትከሻዋ እንደጣለች እቤቷ ድረስ ሮጠች።

እንኳየሁ ጉልበቷን አሟት ምድጃ ዳር ተቀምጣ ነበር። የምራቷን የተቀደደ እጅጌ አየች፣ ሱሪውን አየች።

«ቻለሽ?» አለቻት።

«አልቻለኝም፣ እማማ።»

«ሸጋ» አለችና ሱሪውን ከነቁልፉ ጎታው ውስጥ ገብሱ ሥር ቀበረችው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በቤቱ ውስጥ ቃል አልወጣም።

ዓለምነው የጓሮውን ቆርቆሮ ነቅሎ፣ የእርዳታ ጆንያ አገልድሞ ወጣ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ፀረ-አብዮተኞች በመሣሪያ አስፈራርተው የመንግሥት ሱሪና የመንግሥት ቁልፍ ዘረፉኝ አለው። ዓይኑን በጨው ታጥቧል። በማግስቱ ካድሬው ጓድ ሐብቴ ደረሰ። ሙሉ ስሙ ሐብተ ማርያም ነው፤ ማርያምን ለአብዮቱ ሲል ትቷታል። ጓድ ሐብቴ መጀመሪያ ያዘዘው የተነቀለው ቆርቆሮ ተመልሶ እንዲመታ ነው፤ መጋዘን ክፍት አያድርም። በሩ ይሰበር ሲሉት በሩ የመንግሥት ንብረት ነው አለ። እንግዲህ ስንዴው ውስጥ፣ ሕዝቡ ውጭ፣ ቁልፉ ገብስ ሥር ሆነ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን በአገሩ ሥርዓት እንጨርሰው፣ አውጫጭኝ እንቀመጥ አሉ። አውጫጭኝ ማለት የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሁሉም በየተራው ያየውን የሰማውን እየማለ የሚናገርበት፣ ጥፋተኛው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ጓድ ሐብቴ የፊውዳል ልማድ ነው ብሎ አንገራገረና፣ «የውይይት ክበብ» ከተባለ ችግር የለውም አለ። ከጥንት ጀምሮ አውጫጭኝ የሚቀመጠው ወንድ ብቻ ነበር። ጓድ ሐብቴ ግን ሴቶች የኅብረተሰቡ ግማሽ ናቸው፣ እኩል መጠርጠር አለባቸው ብሎ ሁሉንም አስጠራ። በዚያ ተራራ ላይ የሴቶች እኩልነት የገባው በዚህ በኩል ነው።

ዳኛው አያ ቢሻው ሆነ። እኔም ከነካሮት ሥዕሌ ክበቡ ውስጥ ተገኘሁና መውጣት ተከለከልኩ።

«ያየህ ተናገር፣ የሰማህ መስክር» ይላል አያ ቢሻው። ሰውየው ይነሣል፣ በእግዚአብሔር መማል ስለተከለከለ በአብዮቱ ይምላል፣ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ይቀመጣል። ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም አላየሁም ይላሉ። ዓለምነው ተውሶ በለበሰው አጭር ሱሪ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ እንደ ተበዳይ ተቀምጧል። የወገራ ብርድ አጥንት ይገባል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ስንዴው ተቆልፏል።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሱሪውን የወሰደው ጅብ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሸንጎው እፎይ አለ። ጓድ ሐብቴ ግን ነገር አጥባቂ ነው።

«ጅብ ቁልፍ ይከፍታል?»

«የዘንድሮ ጅብ» አሉ ሽማግሌው፣ «ምን የማያደርገው አለ።»

ጓድ ሐብቴ ብዙ አሰበ። ጅቡን ሊቀበለው ምንም አልቀረውም ነበር። ዓለምነው ግን ሱሪው ይፈለግልኝ ብሎ ድርቅ አለ፤ ያለቁልፍ ሥራ የለውማ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቤት ለቤት ብርበራ እንዲደረግ ታዘዘ፤ ምሳ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ብርቄ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፈነች። ሱሪው በነሱ ጎታ ከተገኘ ስሟ ይጠፋል፤ መጋዘኑ ውስጥ የሆነባትን ማንም አይጠይቅም፣ የሰው ሱሪ ይዛ መገኘቷ ብቻ ለፍቺ ይበቃል። የፍቺው ወሬም ጦር ግንባር ላለው ባሏ ይደርሰዋል።

እንኳየሁ ያን ጊዜ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ብዙ ሰው ድምጿን የሰማው ያን ቀን ነው። ቀጭን ድምፅ ነበራት።

«ሱሪውን የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

አያ ቢሻው አፉን ያዘ። በዚያ ቀን ሚስቱ ጉልበቷን አሟት ምድጃ ዳር እንደ ዋለች ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ዳኛ ነው፣ አገር እያየው ነው፣ መጠየቅ አለበት።

«ከየት ወሰድሽው?»

«ከመጋዘን።»

«ተጥሎ ነው?»

«ታጥፎ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ።»

«ባለቤቱስ የት ነበር?»

«ከሱሪው ውጭ።»

ማንም አልሳቀም። አያ ቢሻው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምነው ከሱሪው ውጭ ሆነ?»

«እሱን ጠይቁት እንጂ። እኔ ሱሪ የለኝ፣ ምን አውቃለሁ።»

ሁሉም ወደ ዓለምነው ዞረ። ሰውየው አሁን ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ ለዚህች ጥርሷ ለረገፈ፣ እናቱ ለምትሆን ሴት ሱሪውን አወለቀ፤ ወይ የወሰደችው ሌላ ናት ብሎ ማንነቷንና ምክንያቱን ይናገራል። ሁለቱንም አልፈለገም።

«ሞቆኝ ነው» አለ።

ሦስት ሦስት ጋቢ የደረቡ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አያ ቢሻው፣ «የሞቀው ሰው በር ይከፍታል። አንተ ምነው ቆለፍህ?» አለው።

ዓለምነው የተዋሰውን ሱሪ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ጎተተ። ጓድ ሐብቴ ንብረቱ ተገኝቷል፣ ውይይቱ ተዘግቷል ብሎ ሊነሣ ሲል አያ ቢሻው አስቀመጠው። የተጠየቀ ሰው ሳይመልስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ሥርዓቱ ነው። ካድሬውም ቢሆን ክበቡ ውስጥ ነው። እንዲሁ ተቀመጥን። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ ዓለምነው መሬት መሬት ያያል። እንኳየሁ ቁጭ አላለችም፤ ሰውየው እስኪመልስ ቆማ ጠበቀች። ብርቄ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ከዚያ ሌላ ሴት፣ ከዚያ ሌላ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሚስቶቻቸውን አዩ፣ ቀጥለው ዓለምነውን አዩ፣ ዱላቸውንም አጠበቁ።

ጓድ ሐብቴ ደነገጠ። ጓድ ዓለምነውን ጥፋተኛ ቢል ፕሮጀክቱን መንካት ይሆንበታል፤ ሕዝቡን ጥፋተኛ ቢል ደግሞ ዱላው አለ። አንድ ጥፋተኛ ግን መገኘት አለበት። ተነሥቶ ረጅም ንግግር አደረገና ሰፊውን ሕዝብ ከስንዴው የለየው፣ ለአሻጥርም የተመቸው በሩ መሆኑን አረጋገጠ። በሩ ጥፋተኛ ተባለ።

በቦታው ያልነበረ ሰው አያምነኝም። እንኳየሁ ሱሪውን ከነቁልፉ አምጥታ ካስረከበች በኋላ በሩን ከማጠፊያው ነቀሉት። ጎረምሶች ተሸክመው የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወሰዱትና ደጁ ካለው ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰሩት። ሁለት ታጣቂዎች ጠበቁት። በኋላ ለምርመራ ከጎንደር የመጣ ሰው በሩን ዞሮ አይቶ፣ ቅጣቱ በቂ ነው ብሎ ሄደ።

ዓለምነው አልተከሰሰም፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በር በሌለው መጋዘን ነፋስ እየገረፈው፣ ወንዱም ሴቱም እያየው ስንዴ ሲሰፍር ከረመና ራሱ ዝውውር ጠየቀ። ሴቶቹ ግን ስንዴያቸውን በፀሐይ ተቀበሉ። የፕሮጀክቱ አለቆች ይህን ሲሰሙ በሌሎቹም ጣቢያዎች መጋዘኖች ላይ በሮች እንዲነቀሉ አዘዙ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለአየር ነው አሉ።

የቀረው ዕዳ ያረፈው እንኳየሁ ላይ ነው። ሸንጎው እውነቱን ቢያውቅም አገር የሚያወራው የሚያስቀውን ነው። ስሟ የጠላ ቤት ጨዋታ ሆነ። የነፍስ አባቷ የሰው ሱሪ በመንካቷ ስግደት አዘዙባት። እውነቱን አልነገረቻቸውም፤ ቄሱ ሚስት አላቸው፣ የቄሱ ሚስት ጎረቤት አላት። ያልሠራችውን ኃጢአት በታመመ ጉልበቷ ሰገደችው። አያ ቢሻውም ለሰው ዓይን ብሎ ለብቻው መብላት ጀመረ። ብርቄ እናገራለሁ ስትል አሮጊቷ «እኔን ማን ያገባኛል ብለሽ ነው፤ ስሜ ምን ይሠራልኛል» እያለች ዝም አሰኘቻት።

የመጨረሻውን ከብርቄ ነው የሰማሁት፤ ባሏን ሆስፒታል ልታሳክም ጎንደር መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነገረችኝ። ምናለ እግሩን ቆስሎ ከሠራዊቱ ሲሰናበት አምባ ጊዮርጊስ ከአውቶቡስ ወረደ። ጠላ ቤት ጎራ ቢል ስለ እናቱ እየሳቁ አጫወቱት። እቤት ደርሶ እናቱ እያለቀሰች ስትስመው ፊቱን አዞረ፤ እህል ሲቀርብለት አልነካም።

«እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ልመለስ የተመኘሁት ለዚህ ነው? የሱሪ አስወላቂዋ ልጅ ለመባል?»

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው እንኳየሁ።

ብርቄ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችው።

«ሱሪውን የወሰድሁት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋው በእኔ ላይ ነበር።»

እንኳየሁ «ዝም በይ» አለቻት፤ ብርቄ ግን ዝም አላለችም፣ ሁሉንም ነገረችው። ምናለ ሚስቱን አላያትም፣ እናቱንም አላያትም። ለብቻው ተቀምጦ ወደሚበላው አባቱ ዞረ።

«አባቴ፣ አውጫጭኙ ላይ ማን ማን ነበር?»

«አገሩ በሙሉ» አለ አያ ቢሻው።

«ሁሉም ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«ታዲያ ማን ተናገረ?»

አያ ቢሻው የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው።

«እናትህ» አለው።