ለአንተ ብዬ ነው

ስፌት ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በብረት በያጁ መሀል ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ባለቤቲቱን ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ባላቸው ሲሞቱ፣ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በገዛ ሳሎናቸው ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና የጀመሩት ሥራ አድጎ፣ ዛሬ የሆስፒታል ጋውንና የጥበቃ ደንብ ልብስ በብዛት ይሰፋበታል። እትዬ ቁጡ ናቸው፤ ግን ቁጣቸው የጭድ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ሐዘን ሲደርስ ከሰው ቀድመው ይደርሳሉ። «እኔ ቤት ልጅ እንጂ ሠራተኛ የለም» ማለት ይወዳሉ። በኋላ መዘዝ ያመጣባቸውም ይኸው ነገር ነው።

በዚያ ቤት ጨርቅ የሚቆርጠው ሰው መቀስ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከሚስቱ በቀር ያለ አይመስልም። ጣቃውን ገበታው ላይ ደራርቦ ዘርግቶ፣ ንድፉን አስቀምጦ ጠመኔውን አንዴ ካስኬደ ተመልሶ አያይም። ሚስቱ «ዳቦ እንኳ በማስመሪያ ነው የሚቆርስልን» እያለች ትስቅበታለች። እትዬ ከወለዷቸው ልጆች ይልቅ የሚተማመኑት በእሱ ነበር።

አንድ ሰሞን ትልቅ ትእዛዝ መጣና ሠራተኛው ሌሊት ጭምር ይሠራ ጀመር። መቀስ ቀን ሲቆርጥ ይውላል፣ ሌሊት ደግሞ የነገውን ሲዘረጋ ያድራል። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን አጥፍቶ የወደቀ ጠመኔ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ሳይቃና ቀረ። ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ፣ ጥርሱ ይፋጭ ጀመር። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። አንዱ «እንዳትነኩት፣ ይጋባል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ማንኪያ ይዞ መጥቶ ጥርሱን ሊፈለቅቅ ታገለ። ቀርባ ራሱን ከገበታው ብረት ያራቀችለት ልብስ የምትተኩሰው ሴት ብቻ ነበረች።

እትዬ የቢሮአቸውን በር እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ይኸው የሚጥል በሽታ ነበረበት። ቤተሰቡ አፍሮበት ከጓዳ አያወጣውም ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳያየው ሾልኮ ወደ ወንዝ ወረደ፣ እዚያው ጣለው። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውኃ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኙት እትዬ ናቸው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወድቅ ካዩ ልባቸው ቀጥ ይላል።

መቀስ ጥቂት ቀን አርፎ ሲመለስ እትዬ ቢሮ አስጠሩት። የአዳራሹን ሥራ የሚቆጣጠረው የእህታቸው ልጅም አብሯቸው ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ለምን ደበቅኸኝ?» አሉት።

«ብነግርዎ ይቀጥሩኝ ነበር እንዴ፣ እትዬ? ከልጅነቴ አብሮኝ ያለ ነው። መድኃኒቴን ስወስድ ዝም ይላል፤ ብዙ ዓመት ዝም ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ የቀሰቀሰው እንቅልፍ ማጣቱ ነው ብሎኛል። የሌሊቱን ሥራ ቢተዉልኝ፣ መቁረጫውን ደግሞ ለጊዜው ሌላ ሰው ቢይዘው፣ እኔ መዘርጋቱንና ማስመሩን…»

«ለአንድ ሰው ተብሎ የቤቱ ደንብ አይለወጥም» አለ የእህታቸው ልጅ። «ሰዉም ፈርቷል። አጠገቡ አንቆምም እያሉ ነው።»

እትዬ የመቀስን ጣቶች ሲያዩ ቆዩ። «አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «ያ ምላጭ እጅህን ቢወስደው እኔ ምን ብዬ እኖራለሁ? ቤትህ ግባ፣ ታከም። ለአንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለው ከሆነ እኔን ይጠይቁኛ! ሐኪሙን ይጠይቁት። እኔ ሥራ እንጂ እረፍት አልጠየቅሁም።»

አልጠየቁትም። የሚገባውን ሒሳብ ከነጭማሪው አስከፍለው፣ እስከ በር ትከሻውን አቅፈው ሸኙት። ደግ የሠሩ መሰላቸው። ማታ ለልጃቸው ሲያወሩላት እንኳ «ከአደጋ አወጣሁት» ነው ያሏት።

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ሲደርሳቸው በጥፊ የተመቱ ያህል ደነገጡ። «እኔን? እኔን ይከሰኛል? ሚስቱ ስትወልድ ሆስፒታል ያደርኩትን?» እያሉ ቀኑን ሙሉ አዳራሹን ሲዞሩበት ዋሉ።

የያዙት ጠበቃ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። «ሐኪም ይህን ሥራ መሥራት አይችልም ብሎዎታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«የለም።»

«የሌሊቱን ሥራ ትቶ እንዲሞክር ዕድል ሰጥተውታል?»

«የለም።»

«ሌላ የሥራ ቦታስ?»

«የለም አልኩህ እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሲወድቅ!»

«ያዩት በሽታውን ነው፣ እትዬ» አለ ጠበቃው። «ሕጉ የሚጠይቅዎ ስለ ሰውየው ነው። ሥራውን ይችላል ወይ? ካልቻለስ ምን ቢመቻችለት ይችላል? ይህን ሳያጣሩ በሕመሙ ብቻ ማሰናበት አድልዎ ነው። ለዚህ ክፉ መሆን አያስፈልግም። ተከሰው እኔ ዘንድ ከሚመጡ አሠሪዎች ስንቱን ያመጣው ደግነቱ መሰለዎት!»

አብሯቸው የመጣው የእህታቸው ልጅ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «እንግዲያው ከሥራ እየቀረ አስቸገረን ነው የምንለው። እኔ እመሰክራለሁ።»

«ይህን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው» አለ ጠበቃው።

እትዬ ግን አልገሠጹትም። እውነቱን ለመናገር፣ ውሸቱ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ልባቸውን ደጋግሞ አንኳክቷል። ያሳደጉት ቤት ስሙ እንዳይጠፋ ሰጉ። ደግሞም፣ ወንድማቸውን ከተቀበረበት አውጥቶ ሰው ፊት ማቆም ከውሸቱ ይልቅ ከበዳቸው።

ችሎቱ የሚያስችለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። መቀስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጠቁሯል፣ ከስቷል። እትዬን ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ከሳሹን ያሰናበቱት በምን ምክንያት ነው?» ዳኛዋ ጠየቁ።

የእህታቸው ልጅ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ተነሡ፤ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ።

«ስለወደቀ ነው» አሉ። «ሥራ አላጎደለም፤ ከታመመበት ቀን በቀር ቀርቶ አያውቅም። ስለወደቀ ነው ያባረርኩት። ፈርቼ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ከዚያ በኋላ ሊያቆሙ ቢፈልጉም አልቻሉም። ጓዳውን ተናገሩ፣ ወንዙን ተናገሩ፣ ያንን ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ ተናገሩ። የመቀስ ሚስት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ዳኛዋ ውኃ እንዲሰጧቸው አዘው ጥቂት ታገሡ።

«ሐዘንዎ ይገባናል» አሉ ቀጥለው። «ነገር ግን ወንድምዎና ይህ ሰው አንድ አይደሉም። እሱን ጠይቀውት ነበር?»

«አልጠየቅሁትም።»

እውነቱን መናገራቸው ከፍርዱ አላዳናቸውም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተባለ፤ መቀስ ከነውዝፍ ደመወዙ ወደ ሥራው እንዲመለስና ሁኔታው እንዲመቻችለት ታዘዘ። መተላለፊያው ላይ መቀስ ቀረብ ብሎ «ወንድምዎን ነፍስ ይማር» አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከመመለሱ በፊት እትዬ ሐኪሙን ስፌት ቤቱ ድረስ ለምነው አመጡት። ሐኪሙ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ በሽታው እንደማይጋባ፣ ሰው ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት እንጂ አፉ ውስጥ ምንም ማስገባት እንደማይገባ አስረዳ። ማንኪያ ይዞ የሮጠው ሰው አንገቱን ደፋ። መቀስ የቀን ሥራ ብቻ ተሰጠው። መቁረጫውን ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ሌላ ሰው ያዘው፤ እሱ ይዘረጋል፣ ያሰምራል። በገበታው ሥር ወፍራም ጎማ ተነጠፈ። ሁሉም ነገር ሲደመር ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ እትዬን ያንገበገባቸውም ቀላልነቱ ነው።

«እንግዲህ እያንዳንዱ የየራሱን ደንብ ሊጠይቅ ነው» ብሎ የእህታቸው ልጅ አጉረመረመ።

«ይጠይቅ» አሉት።

መቀስ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሥራውን አያጓድልም፣ ሰላምታም አይነፍግም። ብቻ «እትዬ» ማለት ትቷል፤ «ሥራ አስኪያጅ» ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ሲሰሙት ያሾፈ መስሏቸው ነበር። አለመሆኑ ሲገባቸው ቢሮ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ይቅርታ ጠየቁት፤ «ይቅር ብያለሁ» አላቸው፤ አጠራሩ ግን አልተለወጠም። ፍርድ ቤት ሥራን እንጂ ልብን እንደማያስመልስ ያን ጊዜ ገባቸው።

ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደቀ። ልብስ የምትተኩሰው ሴት በጎኑ አዞረችው፤ አንዱ ወንበሮቹን አራቀ። እትዬም መጡ። ተንበርክከው አንድ እጥፍ ጨርቅ ከራሱ ሥር አኖሩለት፤ እስኪነቃም አልተነሡም። መቀስ ቤቱ ሄዶ አረፈ። በማግስቱ ተመልሶ ጠመኔውን ሲያነሳ ቢሮ የጠራው ሰው አልነበረም።

ይህ በሆነ በሁለት ሳምንቱ፣ የአዝራር ቀዳዳ የምትሰፋው ሴት እትዬ ቢሮ ገባችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች።

«ዓይኔ እየደከመ ነው፣ እትዬ» አለች። «ቀዳዳውን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የምሰፋው። እንዳያሰናብቱኝ ብዬ ደብቄ ነበር።»

የእትዬ ልብ ቶሎ ብሎ አዘነ። «ቤትሽ እረፊ» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጡት።

«ተቀመጪ» አሏት ወንበር እየሳቡ። «ምን ቢደረግልሽ ይቀልሽ ነበር?»

ሴትየዋ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ የምታውቅ አትመስልም፤ ትንሽ ግራ ገባት። «ብርሃን» አለች ቀስ ብላ። «መኪናዬ ወደ መስኮቱ ቢጠጋልኝ…»

«ሌላስ?»

ሴትየዋ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች።