ድንጋይ ነው እላለሁ

ከሆሞሻ ወደ አሶሳ ስመለስ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ውስጡ ትንንሽ ብልቃጦች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የማያክል የድንጋይ ዱቄት። የማዕድን ላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኔን ተናገርኩ። መጀመሪያ ወርቅ ነው አሉ፣ ኋላ ፈንጂ። ከሰዓት በኋላ የታጣቂዎች ተላላኪ ተብዬ ታሰርኩ።

ክፍሉ የቀድሞ እህል መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሽታው ላብና የሻገተ ማሽላ። በሩ ሲዘጋብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አማርኛ ብዙም የማይቀናቸው አንድ ሽማግሌ የበርታ ገበሬ ምንጣፋቸው ላይ ጠጋ አሉልኝ። እርሳቸው የታሰሩት የወንድምህ ልጅ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ። አንተ ምን አደረገ አሉህ?»

«የድንጋይ ዱቄት ይዤ ተገኘሁ።»

«ድንጋይ ምን ያደርግልሃል?»

«ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፣ አባባ። ቆርቆሮው ሳይነካዎት ሙቀቱ ፊትዎን ያገኘው የለ? እንደዚያ ያለ ነው። ዱቄቱ ላይ ስናበራው እያንዳንዱ ማዕድን ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ያስቀራል። ያስቀረውን አይተን ማንነቱን እናውቃለን።»

«ሳይመታው?»

«ሳይመታው።»

«ወላሂ፣ እሱ ጥሩ መርማሪ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ መርማሪው ሽማግሌውን በር ላይ አቁሞ አናገራቸው። ሁላችንም እንሰማለን።

«ዱቄቱ ፈንጂ ነው ብሎኛል በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ቢሉም አልፈርድባቸውም ነበር፤ ማሽላቸው ሳይታረም አረም እየዋጠው ነው።

«እሱ የነገረኝ ድንጋይ ነው» አሉ። «እኔም ድንጋይ ነው እላለሁ።»

«ሚስት የለህም?»

«አለ። ውሸት ይዤ ብገባ በር አይከፍትልኝም።»

ገፍትሮ መለሳቸው። ጀለቢያቸውን አራግፈው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ቀጥል» አሉኝ። «እብነ በረድስ? እሱ የትኛውን ያስቀራል?»

ዓይኔን ከመሬት አነሳሁ። ከዚያ ነገርኳቸው።

ሁለታችንም ያለ ክስ ተለቀቅን። እኔ ቀድሜ፣ እርሳቸው የዚያ ዓመት አዝመራ ካለፈ በኋላ።

ዛሬም ናሙና ፍለጋ ወደ ሆሞሻ በኩል ስወጣ የማድረው እርሳቸው ቤት ነው። ስለ እስሩ አናነሳም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ሊዳሩ ስለደረሱት ሴት ልጆቻቸው ስናወራ ይመሻል። ያ ጊዜ ምን ወሰደብህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። የወሰደውን ብዘረዝር ብዙ ነው። ግን ለሥራ ብቻ የመጣሁበት አገር ነበር፤ ከዚያ በፊት እዚህ አንድም ዘመድ አልነበረኝም።