የአዛናው ጥሩንባና የጭንቅላቱ ፎቶ

ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው ሞተ የሚባለው ነፍሱ ስትወጣ ሳይሆን አዛናው ጥሩንባውን ነፍቶ ስሙን ሲጠራ ነበር። አዛናው የሰፈሩ እድር ለፋፊ ነው። ጎህ ሲቀድ የሟቹን ስምና የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን ከዳር እስከ ዳር ያደርሳል። ድምፁ እንዲያው እውነቱን ለመናገር ለአንዳንዶቹ ሟቾች ይበዛባቸው ነበር።

ችግሩ ሕመሙ ነው። ሲነሳበት እንቅልፍ ይርቀዋል፣ ምላሱ ይፈታል። አንድ ክረምት እድሩ አውቶቡስ ገዝቷል ብሎ ለፍፎ ባልቴቶች ስንቃቸውን ቋጥረው የቡሬ መንገድ ዳር ተኮልኩለው ውለዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ እህል ውኃም አይል። ባለቤቱ እንቁ ግሽ ዓባይ ጠበል ወሰደችው፤ ቀጥላ ሐኪም ዘንድ። ሐኪሟ ባይፖላር የሚባል፣ ስሜትን አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚነዳ ሕመም ነው ብላ ኪኒን አዘዘችለት። ጠበሉንም ኪኒኑንም ያዘና ረጋ። ከረጋ በኋላ ግን ስም ይጠፋበት ጀመር፤ የነገሩት ነገር ሁሉ ሳይጨብጠው ያመልጠዋል።

ለሚሌኒየሙ በዓል የተሰቀለው ጨርቅ ገና ከአደባባዩ ሳይወርድ ወይዘሮ በለጠች የሚባሉ አሮጊት አረፉና አዛናው ተላከ። ስማቸውን በልቡ እየደጋገመ ሲሄድ ከጓሯቸው ጎመን የሚቀነጥሱት እትዬ ታንጉት ደህና አደርክ አሉት። ደህና አደሩ ብሎ አለፈ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ ጥሩንባውን ነፋና የእትዬ ታንጉትን ሞት ለፈፈ።

እትዬ ታንጉት የሰሙት ጥሩንባውን እንጂ ስሙን አይደለም። ለቅሶ እንዳያመልጣቸው ወደ ውስጥ ገብተው ተጣጠቡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን እየደቁ ብቅ አሉ። ደጃፋቸው ላይ ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች ምሰሶውን ጥለው ፈረጠጡ። አልቃሿም ሙሾዋን ሳታቋርጥ ሸሸች። እሳቸው ከኋላ እየተከተሉ ማን እንደሞተ ይጠይቃሉ፤ የሚቆምላቸው ግን አልተገኘም።

ከተማው ለሳምንት ሳቀ። ወይዘሮ በለጠች ግን በጣት በሚቆጠር ሰው ተቀበሩ፤ ይህ አያስቅም። የእድሩ ዳኛ አቶ ክንፈሚካኤል በሚቀጥለው ስብሰባ ጥሩንባውን እንደሚቀበሉት አስታወቁ። አዛናው ነገሩ ገብቶታል። ጥሩንባው በእጁ እስካለ ለፋፊው አዛናው ነው፤ ከሄደ ግን ያ እብዱ ከመባል በቀር የሚተርፈው ስም የለም።

አዲስ አበባ የጭንቅላትን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ መኖሩን ሰምቶ ነበር። ጉድለቱን በፎቶ ይዞ ቢመጣ የታመመን ሰው ማን ያባርራል? ከእንቁ ጋር ተሳፈሩ። መሣሪያው ውስጥ አጋድመው እንዳትነቃነቅ አሉት። መሣሪያው ሲደልቅ፣ ሲያንኳኳ፣ ሲያጓራ ቆየና ዝም ሲል አዛናው ካለበት ሆኖ ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀ።

ውጤቱ ደህና ነው የሚል ሆነ። ደህና መባል እንዲህ ያስከፋው ሰው በዚያ ሐኪም ቤት አልታየም። ቢሆንም ፎቶውን ይዞ ስብሰባ ገባና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። እድርተኛው ተንጠራርቶ አየ። አቶ እጅጉ የተባሉት ገበሬ የተገመሰ ጎመን ነው የሚመስለው ብለው ተቀመጡ።

አቶ ክንፈሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «ጭንቅላትህ ደህና ከሆነማ ሴትዮዋን አውቀህ ነው የገደልካት ማለት ነው» አሉት።

አዛናው ፎቶውን አየ፣ ሰውን አየ። ከዚያ ሐኪሟ የነገረችውን እየተንተባተበ አስረዳ። ፎቶው እጢ የለም፣ ደም አልፈሰሰም ከማለት አያልፍም። እንደ እሱ የታመሙ ብዙ ሰዎችን ከጤነኞች ጋር አስተያይተው ያጠኑ ሐኪሞች ጥቃቅን ልዩነት አይተዋል፤ የአንድ ሰው ፎቶ ብቻውን ግን ያንን አይናገርም። ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላም መርሳቱ አብሮት ሊቆይ ይችላል።

«አውቄ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ስማቸውን ይዤ ነበር የወጣሁት። መንገድ ላይ ወደቀብኝ።»

ከበሩ አጠገብ እትዬ ታንጉት ተነሡ። «የሞትኩት እኔ ነኝ፣ ፍርዱም የኔ ነው። ጥሩንባውን እሱ ይንፋ፣ ስሙን እኔ እጠራለሁ። ከእንግዲህ ቢያንስ እኔን በሕይወቴ አይቀብረኝም።»

ሴት ለፋፊ የት ታይቶ ያውቃል ብለው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ሟች ግን እንዲህ ቆማ ስትፈርድም ታይቶ አያውቅምና ተዉት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይወጡ ጀመር። መስቀለኛው መንገድ ላይ አዛናው ነፍቶ ዝም ይላል፤ እትዬ ታንጉት ስሙን ይጠራሉ። መንገዱን ሁሉ ይጨቃጨቃሉ። ሲነሳበትም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ጥሩንባውን ነጥቀው ለእንቁ ይሰጡና ሐኪም ቤት ይሸኙታል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ንጋት አዛናው ብቻውን ወጣ። ነፋ፣ እንደ ልማዱም ስም የሚጠራለትን ጠበቀ። ከዚያ በራሱ አፍ የእትዬ ታንጉትን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው አንድም ሳይስት ጠራ። በሮች ተከፈቱ፤ የእሳቸው ብቻ ሳይከፈት ቀረ። ሰዉ ሳቀ፤ እንደ ያኔው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ እስኪሉ ወደ ቤታቸው ያይ ነበር። አዛናውም አብሮ ያይ ነበር።