የወንድሜ ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰናይት ከቢሮ ደወለችልኝ። የአሥር ዓመት ልጇ ናሆም መገጣጠሚያውን አሞት፣ ሕመሙ ልቡንም ነካክቶታል ተብሎ፣ ሐኪሙ ሦስት ወር ከቤት እንዳይወጣ አዟል። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልካል። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላ፣ በሁለት ታክሲ ተጋፍታ ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከልጁ አጠገብ ትቀመጣለች። ድምፅዋ ዝሏል። «እማዬ፣ እኔ በቃ አልቻልኩም። እሱ ያንቀላፋል፣ እኔ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅሳለን። አንቺ እኮ ጋሽ ሽመልስን ቤት ውስጥ አስተምረሽዋል፤ ልምዱ አለሽ» አለችኝ።

ላስብበት አልኳት። ልምዱስ አለኝ፣ እውነቷን ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቀዳሁት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ያ ዓመት በቤተሰባችን የሚወራው እንደ መልካም ነገር ነው፤ ታላቅ እህት የራሷን ነገር ትታ ታማሚ ወንድሟን ያስተማረችበት ዓመት እየተባለ። ወሬውን እንዲህ አድርጋ ያቆየችው እናቴ ናት። እኔም አንድ ቀን አላረምኳትም።

የምንኖረው ቀጨኔ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል አሮጊቶች ግድግዳ እየያዙ በሚወርዱበት አቀበት ላይ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሽመልስ አሥራ ሁለት። ከእኛ ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ፤ የሚለየን ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ የመወርወሪያቸው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ እኛም ቤት ይሰማል።

ሽመልስ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ስድስተኛ ክፍል በገባ በሁለተኛው ወር ክፍል ውስጥ ጣለው፤ ልጆቹ ዴስክ እየዘለሉ ወጡ። በማግሥቱ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ሲጥለው የነካው ሰው ይጋባበታል ይባል ነበርና እናቶች ልጆቻቸውን አስጠንቅቀው ነው የሚልኩት። ርዕሰ መምህሩ እናቴን አስጠርተው በትሕትና ነገሯት፦ ስሙ መዝገብ ላይ ይቆይ፣ ትምህርቱን ቤት ያጥና፣ ሰኔ ላይ ለሚኒስትሪ ፈተና ይምጣ። ካለፈ ሰባተኛን የሚማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ማንም አያውቀውም። እናቴ ይቺን «ካለፈ» ይዛ ቤት ገባች። ሽመልስም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያወራው ስለ ሰባተኛ ክፍል ብቻ ሆነ። አጠገቡ ማን ሊቀመጥ እንደሚችል ሁሉ ያስብ ነበር።

እኔ ማትሪክ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ከጓደኛዬ ከአልማዝ ጋር ፒያሳ ታይፕ ልማር ተመዝግቤ፣ የምለብሰውን ሹራብ ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ። እናቴ አንድ ዓመት ብቻ ቆዪልኝ አለችኝ። ለመነችኝ እንጂ አላዘዘችኝም፤ እናት ስትለምን ደግሞ እምቢ አይባልም። አልማዝ በየጠዋቱ ጫማዋን አስወልውላ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ በደጃችን ስታልፍ፣ እኔ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ ድንች ልጬ፣ ሽሮዬን ጥጄ፣ ከዚያ ሽመልስ ፊት እቀመጣለሁ።

ጠረጴዛችን ላይ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና ክብሪት ነበር። ክብሪቱ የትምህርቱ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ያኔ ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነበር። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ ክብሪቱን አንስታ ነቅነቅ አድርጋ፣ መኖሩን አይታ ነበር የምትሄደው።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጡት ኪኒን ያፈዘዋል። ክፍልፋይ እያስረዳሁት ዓይኑ ይከደናል፤ ስጠራው ይባንንና የተናገርኩትን የመጨረሻ ቃል ይደግምልኛል። መድኃኒቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ስንፍና ነው ብዬ ጆሮውን ቆነጠጥኩት፤ አንበርክኬ ሁለት እጁን ሽቅብ አስነሳሁት። እናቴ ለሁለታችን ብላ የምትተወውን ቆሎ፣ ጥያቄውን ካልመለሰ እፊቱ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እበላዋለሁ፤ ቀስ እያልኩ፣ ድምፁ እንዲሰማው አድርጌ እየቆረጠምኩ። ደክሞኝ ነበር። ከእናቴ በቀር ማንም እንዴት ዋልሽ የማይለኝ፣ እጄ በእንዶድና በአመድ የሻከረ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህን የምለው ግን ለማመካኛ አይደለም። ወንድሜን ጠላሁት፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አልማዝ ጥፍሯን ቀይ ቀብታ መጣች። ሽመልስ ውሃ ሊቀዳ ወጥቷል። ስለ ታይፕ አስተማሪያቸው ስታወራ ስታወራ ቆየችና፣ ሲጥለው ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። እኔም አሳየኋት። ወለሉ ላይ ወደቅኩላት፣ ዓይኔን ገለበጥኩ፣ እግሬን አንፈራገጥኩ፣ ግራ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ አንቀጠቀጥኩት። የግራ እጁ ነገር የራሴ ጭማሪ ነበር፤ የእሱ እጆች ሲጥለው ቀጥ ብለው ነው የሚደርቁት። አልማዝ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀና ስል ሽመልስ ጀሪካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንዲህ ነው እንዴ የምሆነው?» አለ።

ልጁ ራሱን አይቶ አያውቅም። ሲጥለው የት ሆኖ ያየዋል? ይህ በአእምሮዬ መጥቶ አያውቅም ነበር። እኔ ግን ከዚህም ይብሳል አልኩት። ጀሪካኑን አስቀምጦ ወጣ። አልማዝም ሳቋን ዋጠችና ብዙም ሳትቆይ ሄደች።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጀመረ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ በደጃችን ያልፋል፣ ቤቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጠዋት ጀምሮ ክፍልፋይ በክፍልፋይ ማካፈል ላይ ነበርን። ትናንት የሚያውቀውን ዛሬ አያውቀውም። ትወድቃለህ አልኩት። ወድቀህ እዚሁ ትቀራለህ፣ እኔም ካንተ ጋር እቀራለሁ አልኩት። ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ ትንሽ ልተኛ» አለኝ። አይሆንም አልኩ። እንደገና ለመነኝ፤ እንደገና እምቢ አልኩ።

ከዚያ ከመቀመጫው ወደቀ። እግሩ ተንፈራገጠ። ግራ እጁን፣ እኔ ለአልማዝ እንዳሳየኋት አድርጎ፣ ደረቱ ላይ አጥፎ ያንቀጠቅጠዋል።

ወዲያው አወቅኩት። የራሴው ቀልድ ነበር፣ አንድም ሳይቀር። ንዴቴ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ከእግሬ ጀምሮ ነው የወጣው። ተነስ፣ አውቄብሃለሁ አልኩት። አልተነሳም። ክብሪቱን አነሳሁና ጫርኩ። ወደ አፍንጫው ግን አልወሰድኩትም። ቅርብ የነበረውን ቀኝ እጁን ያዝኩ፣ ጣቶቹን ፈለቀቅኩ፣ መዳፉ ላይ አደረግኩት። የፈራሁትን ሳይሆን የፈለግኩትን ልንገራችሁ፦ እንዲጮህ ፈልጌ ነበር። እንዲጮህና እንዳሸንፈው።

አልጮኸም። እጁንም አልሰበሰበም። መንቀጥቀጡ ብቻ ቆመ። እሳቱ ጣቴ ጋ ሲደርስ ጣልኩትና ሁለተኛ ጫርኩ። ሁለተኛውም እዚያው መዳፉ ላይ አለቀ።

ያኔ ደነገጥኩ። የምሩን ነው ማለት ነው፣ ነፍሱን ስቷል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ጋሽ ወልዴን ተጣራሁ። መወርወሪያቸውን ትተው እየሮጡ መጡ፤ ጭሱን ወደ አፍንጫው ላስጠጋ ስል ክብሪቱ አመለጠኝ አልኳቸው። መዳፉን ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ከቤታቸው ቅቤ አምጥተው ቀቡለት፣ በነጭ ጥጥ ሸፈኑለት፣ ተመልሰውም ወደ ሥራቸው ገቡ።

እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ሽመልስ ቁጭ ብሏል። ምን ሆነህ ነው አለችው። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሲጥለኝ አላውቅም» አላት። እኔ ያንኑ ውሸቴን ደገምኩ። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ፣ አንቺ ባትኖሪለት ምን ይውጠው ነበር ብላ አለቀሰች። የዚያን ዕለት እራት ድንች ወጥ ነበር፤ ሽመልስ በግራ እጁ ሲጎርስ መረቁ ክንዱ ላይ እየወረደ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ቁስሉ መግል ያዘ። ለፈተናው ሲሄድ እጁ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ነበር። እስከ ትምህርት ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጭቃው ላይ እንዳይወድቅ ክንዱን ልይዘው ስል ዞር ብሎ ወደ ሌላው የመንገዱ ዳር ሄደ። እርሳሱን በግራ እጁ ይዞ ተፈተነ፤ ሂሳቡን በወረቀት መሥራት ስላልቻለ በጭንቅላቱ እየሠራ። በዚያ ሁለት ቀን አንድም ጊዜ አልጣለውም። ከአዳራሹ የሸሸ ልጅ አልነበረም። የሰፈር ልጆች ሲወጡ አጠገቡ ሆነው መልስ እያመሳከሩ ነበር፤ እሱም መልሱን እየነገራቸው ይስቅ ነበር።

ውጤቱ ክረምት ላይ መጣ። ወድቋል። ርዕሰ መምህሩ ለሁለተኛ ዓመት ስሙን ላቆይ አልችልም አሉ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ የወደቀ ልጅ፣ ያውም በሽተኛ፣ አይቀበልም። እናቴ እስቲ አንድ ዓመት ድገሚልኝ ልትለኝ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ሽመልስ ራሱ ገላገላት። ጋሽ ወልዴ ጋ ሽመና እማራለሁ አለ። ስለ ሰባተኛ ክፍል ከዚያ ወዲያ ሲያወራ አልሰማሁም። እኔ መስከረም ላይ ፒያሳ ወረድኩ፣ ታይፕ ተማርኩ፣ ጡረታ እስክወጣ በታይፒስትነት፣ በኋላም በጸሐፊነት እንጀራዬን በላሁ።

እናታችን ስትሞት ለሰልስት የመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ወሬ አነሳ፤ እንዴት ያለች እህት እንደሆንኩ። ሽመልስ ድንኳኑ ውስጥ እያዳመጠ ነበር። ሰዉ ተበትኖ ሁለታችን አግዳሚ ወንበር ስንደረድር፣

«ነቅቼ ነበር» አለኝ።

የቱን ቀን እንደሚል አልጠየቅኩትም። ታዲያ ለምን እጅህን አልሰበሰብክም አልኩት።

«ብነሳ ኖሮ የእውነቱ ሲመጣ አታምኚኝም ነበር። ደግሞ አንዱ ክብሪት ሲያልቅ የምትተዪ መስሎኝ ነበር።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ አለኝ፤ ዋሽቶም አይመስለኝም። በየበዓሉ ይመጣል፣ ለልጆቼ ሠርግ የለበስኩትን ጥበብ የሸመነልኝ እሱ ነው። ሕመሙ በመድኃኒት ተይዞለታል። ሽሮ ሜዳ የራሱ የሥራ ቦታ አለው። እኔ ግን ለእሱ የነገርኩት ነገር ቢኖር ያችን አንዲት «ይቅር በለኝ» ብቻ ነው፤ ለሰናይትም ሆነ ለሌላ ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ሰናይት በደወለች በማግሥቱ ሽመልስ ጋ ደወልኩ። ናሆምን እንዳስተምር ለምናኛለች፣ ምን ትላለህ አልኩት። ምን ፈልጌ እንደደወልኩ አውቃለሁ፤ ሂጂ እንዲለኝ ነው። አሁን ሌላ ሰው ነሽ እንዲለኝ። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቀኝ። አራተኛ አልኩት።

«አንቺ አትሂጂ፣ እትዬ። እኔ እሄዳለሁ። የአራተኛ ክፍሉ አያቅተኝም» አለ።

ለሰናይት ዓይኔ ደክሟል አልኳት። ቅር ብሏታል፤ ጡረተኛ እናት እያለችኝ፣ ጥበቡን ጥሎ የሚመጣው አጎቴ ነው ብላ ለባሏ ነግራዋለች አሉ። ትበል። ሽመልስ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት ይሄዳል። ትናንት ደውላ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ተኝቶበት፣ ጋሽ ሽመልስ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። አስተማሪ አይመስልም አለችኝ። እኔም አብሬያት ልስቅ ሞከርኩ።

ወንድሜ ይቅር ብሎኛል። ልጅ ግን አምኖ አይሰጠኝም። ልክ ነው፤ እኔም ራሴን አላምንም።