የምትስቀዋ ማርያም

አቲፖካን ሰው አይደፍራትም። ምላሷ ምላጭ ነው፤ እጇ ግን የመንደራችንን ቤት ሁሉ አሳምሯል። በእኛ በሰሜን ጋና ናንካኒዎች ዘንድ ወንዱ ግድግዳ ያቆማል፣ ሴቷ ትለስናለች፣ ትቀርጻለች፣ በቀይ አፈር፣ በነጭና በጥቁር ድንጋይ ትቀባለች። እንደ አቲፖካ ያለ እጅ ግን አላየሁም። እኔ የወንድሟ ሚስት ነኝ። ከሙሽርነቴ ጀምሮ ጭቃ ስረግጥላት ኖሬያለሁ፣ ስድቧንም ስጠጣ።

በጭቃው ቤተ ክርስቲያናችን ከመንበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ የሠራችው እሷ ናት። ሥዕሉ መልአኩ ማርያምን ሲያበስራት ነው። የመልአኩ ክንፍ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ አለው፤ ማርያም እንስራ ተሸክማ ትስቃለች፣ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም። የዚያን ጊዜው ነጭ ቄስ፣ "ማርያም እንዲህ ትስቃለች እንዴ?" ብለው ቢጠይቋት፣ "ታዲያ ወንድ ልጅ ትወልጃለሽ ሲሏት ታልቅስ?" አለቻቸው። እኛ ግን ማን እንደሆነች አውቀናል። ላሪባ ናት፤ በማጅራት ገትር የሞተችባት አንድ ልጇ። ላሪባ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። አቲፖካ ግድግዳውን የሠራችው ልጅቷ በሞተች በዓመቷ ነው፤ በየበጋውም ዳዋዳዋ የሚባለውን የአገራችንን ዛፍ ፍሬ ልጣጭ ቀቅላ በውሃው እየቀባች ስታጠነክረው ኖረች። በጸሎት ሰዓት ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እሷ አትጨፍንም።

ከዚያ ምእመኑ በዛና አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ተባለ። ብሎኬቱ አሮጌውን ከውጭ እየከበበ ወጣ፤ እኛ ውስጥ ስናስቀድስ ውጭ ግንቡ አደገ። አምዶቹ ሲያልቁ የአሮጌው ቆርቆሮ ተነቀለ። የቀረው የጭቃውን ግድግዳ ማፍረስ ነበር።

ነገሩ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሴት የለሰነችውን ግድግዳ ሌላ ሰው ማፍረስ አይጀምርም። መጀመሪያ እሷ ይፍረስ ብላ በቅል ውሃ ታፈስበታለች፣ ከዚያ ወንዶቹ ዶማ ያነሳሉ። ተጠምቀናል፣ ቆርበናል፤ ይህን ግን ዛሬም እንፈራለን። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቹሊዎ ደግሞ ቆርቆሮውን ያስነቀለው እሺ ትላለች ብሎ ነው እንጂ አልጠየቃትም።

"እታለም፣" አላት ቅሉን ይዞ መጥቶ፣ "በይ እንግዲህ፣ ለእግዚአብሔር ቤት ነው።"

"የእግዚአብሔርን ቤት ልታፈርስ መጥተህ? በል ሂድ፣ በቅልህ ጠላህን ጠጣበት!"

"ሴራሚክ ይገባል እኮ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ! ማርያምም ከአክራ ታዝዛለች።"

"ማርያም እዚሁ ናት።"

ወጣቱ ቄስ አባ ክሌመንት ደግ ሰው ናቸው። ስልካቸውን አወጡና፣ "እማማ፣ ቢያንስ ፎቶ ላንሳልዎት። አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ፣ ቤትዎ ይሰቅሏታል" አሏት።

አቲፖካ የለበሰችውን ኩታ አውልቃ ሥዕሉን ጋረደችው። "ፎቶ የሚነሳው የሚፈርስ ነገር ነው አባ። እሷ አትፈርስም።"

"ግዴለሽም፣ ያንሷት" አልኳት እኔም።

"አንቺ ጭቃሽን ርገጪ!"

ወንዶቹ ተበተኑ። አቲፖካ ያሸነፈች መስሏት በየጠዋቱ እየመጣች ከሥዕሉ ፊት ትቀመጥ ጀመር፤ ከላይዋ ሰማይ ብቻ። ቆርቆሮውን መልሱት ብትል ማን ይስማት። ክረምቱ ገና ነው ብለን እኛም ዝም አልን።

በሆሳዕና ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቆረ፣ አቧራው ተነሳ። ሰሌን ይዘን ብንሮጥ ነፋሱ ከእጃችን ነጠቀን። አቲፖካ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተለጠፈችበት። ሰው አንድ ግድግዳ በጀርባው ይከልላል? የዳዋዳዋው ቅብ ፊቱን ያጠነክራል እንጂ ለአናቱ አይደርስም፤ ውሃው የገባው በአናቱ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን እሱኑ ተቀየምኩት።

ኮሚቴው ሸራ ይዞ የደረሰው ካባራ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከመልአኩ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። የላሪባ ፊት በእናቷ ትከሻና ጀርባ ላይ ወርዷል፣ ቀይና ጥቁር ጭቃ ሆኖ።

አቲፖካ አላለቀሰችም። ተንበርክካ ጭቃውን ሰበሰበችና እዚያው እርጥቡ ግድግዳ ላይ ትሠራ ጀመር። ግንባሩ መጣ፣ ጉንጩ መጣ። አፉ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷ ቆመ።

"በየት በኩል ነበር?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"የጎደለው ጥርሷ። በግራ ነው በቀኝ?"

ያቺን ልጅ በጀርባዬ አዝያታለሁ። በየእሑዱም ግድግዳው ላይ ስትስቅ አይቻታለሁ። ግራም ቀኝም ማለት አቃተኝ። አባ ክሌመንት ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ አቀረቀሩ።

አቲፖካ የጀመረችውን ፊት በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ወደ አቹሊዎ እጇን ዘረጋች።

"ቅሉን አምጣ" አለችው።