ሳጥኑ ጎርፍ አየ

ሥራውን ያገኘሁት በችሎታዬ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ። ኋላ እንደገባኝ ግን የተቀጠርኩት መሰላል ስለማልፈራ ነው። ከዚያ በፊት አትላንታ መሃል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጥ ነበር። አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄያለሁና ቲኬቱንም በሙያ ክብር ነበር የምቆርጠው። ይህን ልብ ያለ ደንበኛ ግን አልገጠመኝም።

አንድ ትንሽ ኩባንያ ፊልድ ቴክኒሽያን ሲፈልግ አመለከትኩ። ኢንተርቪው ያደረገኝ ሱፐርቫይዘር ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ከፍታ ላይ ያዞርሃል?»

«አያዞረኝም።»

«ጭቃ ውስጥ መዋል ያስጠላሃል?»

«በጭራሽ!» አልኩ። በሁለተኛው ዋሽቻለሁ። በማግስቱ ብርቱካናማ ሰደርያና የራስ ቁር ተሰጠኝና ሳይንቲስት ሆንኩ። ቢያንስ ለሚያውቁኝ ሁሉ የነገርኳቸው እንደዚያ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። አትላንታ ውስጥ በየሰፈሩ ጀርባ ትንንሽ ወንዞች ያልፋሉ። ሌላ ጊዜ ቁርጭምጭሚት አያረጥቡም፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰው ቤት ይገባሉ። ኩባንያው በየድልድዩ ሥር ሴንሰር ያለበት ሳጥን የመትከል ውል ወስዶ ነበር። ሳጥኑ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አይቶ ውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያሰላል። ከዚያ ያለ ምንም ሽቦ፣ በአንቴና፣ በየሩብ ሰዓቱ ቁጥሩን ወደ ቢሮ ይልካል። ውሃው ከልኩ ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይደውላል።

«ሰው የሚባል ነገር አያስፈልገውም» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ፣ ሳጥኑን የወለደው እሱ ይመስል። ይህን ሰው የማያስፈልገውን ነገር ለመትከል ግን ሁለት ሰው፣ አንድ ፒክአፕ፣ ሁለት መሰላል፣ ድሪልና አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ጋሼ ነበሩ። ስልሳን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ የደሴ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተው ወገባቸው እምቢ ሲል ነው እኛ ዘንድ በ«ሄልፐር»ነት የገቡት። የሥራ ድርሻቸው መሰላል መያዝ ነው። አገር ቤት ግን ሃያ ዓመት ያህል የመንግሥት ወንዝ ለኪ ነበሩ፤ ከቦርከና እስከ ሚሌ ያለውን ውሃ በእግራቸው እየዞሩ ለክተዋል። ይህን ለሱፐርቫይዘሩ አልነገሩትም። እሱም በመጀመሪያው ቀን አቁሟቸው ወንዝ ምን እንደሆነ አስረዳቸው።

«ዝናብ ሲዘንብ» አለ ቀስ ብሎ፣ መዳፉን ወደ ላይ እያነሳ፣ «ውሃው ከፍ ይላል። ዝናቡ ሲቆም ደግሞ ውሃው ዝቅ ይላል። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ሰር» አሉ ጋሼ።

መኪና ውስጥ ስንገባ አላስቻለኝም። «ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? ልጁ ደስ ብሎት እያስረዳ፣ ደስታውን ልቀማው?»

የመጀመሪያው ድልድያችን ብሩክሄቨን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች ጀርባ ያለ ጠባብ ድልድይ ነበር። ኩድዙ የሚሉት ሐረግ ወርሶታል። ኩድዙ ቅዳሜ ፓርክ ያደረግከውን መኪና ሰኞ አልብሶ የሚጠብቅህ ተክል ነው። እኔ ማንዋሉን ዘርግቼ፣ ከድልድዩ ጫፍ የተባለውን ርቀት ለክቼ፣ ኮንክሪቱን ድሪል ማድረግ ጀመርኩ። ጋሼ ከታች ቀና ብለው አዩኝ።

«እዚያ ባትሰቅለው ጥሩ ነው። ከሐረጉ ራቅ፣ ወደ መሃል አድርገው።»

«ማንዋሉ እዚህ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ማንዋሉን የጻፈው ሰው ይህን ድልድይ አይቶታል?»

«አያስፈልገውም። ኢንጂነር ነው።»

ጋሼ መሰላሉን አጥብቀው ያዙ። የረታኋቸው መሰለኝና ደስ አለኝ።

የዙህር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ከጠርሙስ ውሃ አፍስሰው ተጣጠቡ፤ ሳጥኑ የመጣበትን ካርቶን ወንዙ ዳር አንጥፈው መስገድ ጀመሩ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አንቴናውን አጠብቃለሁ። ጊዜው መንታዎቹ ሕንፃዎች በአውሮፕላን ከተመቱበት ከመስከረሙ አደጋ በኋላ ነው፤ አገሩ ሁሉ እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያያል። ማዶ ካለው ቤት አጥር ላይ አንዲት ነጭ ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ስታየን ነበር። እጄን አውለበለብኩላት። ወደ ቤቷ ገባች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የፖሊስ መኪና ድልድዩ ላይ ቆመ።

«ከመሰላሉ ውረድ! የያዝከውን ጣል!»

የያዝኩት መፍቻ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። ወረድኩ። አንደኛው ፖሊስ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ በዚህ ሰዓት የሚያድነኝ ሙያዬ ነው ብዬ፣ ባለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ «ትራንስሚተር»፣ ማለትም መልእክት አስተላላፊ፣ አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያ በፍጥነት ሰው እጁን ወደ ወገቡ እንዲሰድ ያደረገ ቃል የለም።

ሁለተኛው ፖሊስ በጋሼ ላይ ይጮሃል። ጋሼ ግን ሶላታቸውን አላቋረጡም። ጨረሱና እንደ ወጉ «አሰላሙ ዓለይኩም» እያሉ ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞሩ። በግራ በኩል የቆመው ፖሊስ ሰላምታው ለእሱ መስሎት «ሃይ» አለ። ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ሰር፣ ይህ ሳጥን ውሃ ይለካል። ጎርፍ ሲመጣ ሰው እንዲሸሽ ይናገራል።»

«ጎርፍ?» አለ ፖሊሱ፣ ወንዙን እያየ። ወንዙ በዚያን ቀን የእኔን መፍቻ እንኳን መሸፈን አቅቶት ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ምሳ ላይ ስለነበር ስልኩን እስኪያነሳ ግማሽ ሰዓት የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡን። ሲያነሳ «አዎ፣ የእኔ ናቸው» አላቸው። ስለ መሰላሎቹ ይሁን ስለ እኛ አላጣራሁም። ፖሊሶቹ ሄዱ። መልሼ መሰላሉ ላይ ልወጣ ስል እግሬ አልታዘዘኝም። ጋሼ ሁለተኛውን መፍቻ ተቀበሉኝና ወጥተው የቀሩትን ብሎኖች አጠበቁ። ያን ቀን መሰላል የያዝኩት ሄልፐር እኔ ነበርኩ።

ሲወርዱ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ አጥር ሄዱ። ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ሴትዮዋ ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስታየን ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«እርስዎ ነዎት የደወሉት?» አሏት ጋሼ።

«እኔ... አላወቅኩም። ሳጥኑን ሳይ...»

«ወንዙን ሁልጊዜ ያዩታል?»

«በየቀኑ። ከወጥ ቤቴ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«እንግዲያው የምለምንዎት ሥራ አለ።»

በማግስቱ ጋሼ ከቤታቸው ቀይና ነጭ ቀለም ይዘው መጡ። የድልድዩን ምሰሶ ከታች እስከ ላይ በመስመር ከፋፍለው ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፉበት። ለሴትዮዋ የቢሮውን ስልክ የጻፉበት አንድ ደብተር ሰጧት፤ ጠዋትና ማታ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር እንድትጽፍ። መኪና ውስጥ ስንገባ ፈነዳሁ።

«ጋሼ፣ ፖሊስ የጠራችብንን ሴትዮ!»

«መመልከቷን እንደሆነ አትተወውም። ቢያንስ የሚጠቅም ነገር ትመልከት።»

ሐምሌ ገባ። ወር ሙሉ ዝናብ ጠብ አላለም፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ብቻ። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተራችን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ደውሎ ብሩክሄቨን በጎርፍ ልትወሰድ ነው አላቸው። ጀልባ ጭነው መጡ። ጀልባዋን የሚያንሳፍፍ ውሃ ግን አላገኙም። እኔ ተላክሁና ባትሪ ቀየርኩ። በማግስቱ እንደገና ጎርፍ፤ ኬብል ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን እንደገና፤ ሴንሰሩን ራሱን ቀየርኩ። ሱፐርቫይዘሩ መሣሪያው ሊሳሳት እንደማይችል አጥብቆ ያምን ስለነበር፣ ምናልባት ከላይ በኩል አንድ ሰው መዋኛ ገንዳውን በየቀኑ እየደፋው ይሆናል የሚል ሐሳብ አመጣ። በቁም ነገር ነው የሚያወራው።

በአራተኛው ቀን ከጋሼ ጋር ስንደርስ ሴትዮዋ ደብተሯን ታቅፋ ድልድዩ ላይ ቆማለች።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ነው» አለች። «ትናንትም ሁለተኛው ላይ፣ ከትናንት ወዲያም ሁለተኛው ላይ። የእናንተ ሳጥን ምን እየጠጣ ነው?»

ጋሼ ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ኩድዙው ከድልድዩ ጠርዝ ተንጠላጥሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቅጠሉን በትክክል ከሴንሰሩ ሥር ዘርግቶታል። ሳጥኑ ሦስት ቀን ሙሉ ሲለካ የከረመው ያንን ቅጠል ነበር። ነፋስ ቅጠሉን ሲያነሳው ጎርፍ ይመጣል፤ ሲያወርደው ጎርፉ ይጎድላል።

«ብዬህ ነበር» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ መቀስ ካለህ ስጠኝ» ብቻ አሉ።

ሳጥኑን ወደ መሃል እናዛውረው ብዬ ሱፐርቫይዘሩን ጠየቅኩት። ቦታው በፕላኑ ላይ ስለተሳለ አይነካም አለኝ። ይልቁንም በየሳምንቱ እየሄድን ቅጠል እንድንቆርጥ አዘዘ። እንዲህ ሆኖ ያ ሽቦ አልባ፣ ሰው አልባ ቴክኖሎጂ በሁለት ኢትዮጵያውያንና በአንድ መቀስ ይሠራ ጀመር።

እውነተኛው ዝናብ የመጣው በመስከረም ነው። ከባሕር የተነሣ የአውሎ ነፋስ ጭራ ከተማዋን ቀኑን ሙሉ ሲያጥባት ዋለ። ከቤት ውጭ መሥራት ስለማይቻል ሁላችንም ቢሮ ነበርን፤ ስክሪኑን ከበን ቆመናል። የብሩክሄቨኑ ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ሦስት ሩብ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

«ጎበዝ!» አለ ሱፐርቫይዘሩ። «ውሃው ቆሟል። ከልኩ በታች ነው።»

ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት፤ ጋሼን ጠየቀች። ጋሼ ሰሟት፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፣ ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ዞሩ።

«አሥራ ስድስተኛው መስመር ጠፍቷል ትላለች። ሳጥኑም የለም። ግንድ ይዞት ሄዷል።»

«ስክሪኑ ግን...» ሱፐርቫይዘሩ በጣቱ ቁጥሩን ነካው።

«ስክሪኑ ደረቅ ነው» አሉ ጋሼ፣ እሳቸውን ካወቅኳቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እሷ ናት ውሃው ውስጥ የቆመችው!»

ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ጋሼን ያያል። ፈቃድ ሳልጠይቅ ሌላውን ስልክ አነሣሁና እኔው ደወልኩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሐምሌውን ጀልባ አልረሱትም፤ «ደግሞ እናንተ ናችሁ?» አለኝ ያነሳው ሰው። «ዛሬ ሳጥን አይደለም፣ ሰው ናት ያየችው» አልኩት። አድራሻውን ጠየቀኝ። ከድልድዩ በታች ካሉት ቤቶች ሰዎቹን በጊዜ አወጧቸው። የሴትዮዋ ቤት ምድር ቤቱ በውሃ ተሞላ፤ የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም። ኮምፒውተሩ አዲስ ቁጥር ሲያጣ የመጨረሻውን ይዞ ዝም እንደሚል ያወቅነው በኋላ ነው። ማንዋሉ ውስጥ ተጽፏል፤ እኔ ገና እዚያ ገጽ አልደረስኩም ነበር።

የኩባንያው ሪፖርት «ሲስተሙ እንደታቀደው ሠርቷል» አለ። ሱፐርቫይዘሩ የምስጋና ሰሌዳ ተሰጠው፤ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው። ስለ ደብተርም ስለ ቀለምም የተጻፈ የለም። አዲስ ሳጥን እንድንተክል ስንላክ ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ መሃል ላይ ቦታ መረጡልኝና እዚያ ሰቀልኩት። ፕላኑ ላይ አሁንም ጫፍ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ድልድዩን ሄዶ አይቶት ስለማያውቅ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ጋሼ ብርዱ ሲገባ ሥራውን ለቀቁ፤ ወገባቸው ነው። እኔ ወደ ኬኔሶ ተዛወርኩ፤ አንድ የጎልፍ ሜዳ ሣር መጠማቱን የሚናገር ሴንሰር ልተክል። እሱም ሰው አያስፈልገውም ተብሎ ነበር።

በዓመቱ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጋሼን አገኘኋቸውና አብረን ምሳ በላን። መሃል ላይ ስልካቸው ጠራ። እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ናፕኪን ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ፣ አመሰገኑና ዘጉ።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«ሴትዮዋ ናት። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ ያሰጋል ወይ? አለች።»

«ጋሼ፣ ሥራውን እኮ ከለቀቁ ዓመት ሆነዎት። ቁጥሩ ምን ይሠራልዎታል?»

ናፕኪኑን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ምንም» አሉ። «ግን እዚህ አገር ከመጣሁ፣ ስለማውቀው ነገር ደውሎ የሚጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት።» ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አሉኝ።