ጨንቻ ለምን ይበርዳል?

ልጅ ሳለሁ ጥያቄ ይበዛብኝ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከነበረው ቤታችን ሱቅ ስላክ ጨረቃ ለምን እንደምትከተለኝ፣ ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ሳለ አንዱ ሐይቅ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነው ለምን እንደሆነ፣ ባዶ በርሜል ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ስጮህ ማን እንደሚመልስልኝ፣ ሁሉን እጠይቃለሁ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ እዚሁ አግብታ የቀረች ነርስ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ እግሯን እያሻሸች «አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ» ትለኛለች። የግብርና ባለሙያ የነበረው አባቴ ደግሞ የላንቴን የሙዝ ማሳ ጭቃ ከጫማው እያራገፈ «ነገ መምህርሽን ጠይቂ» ይላል። ጥያቄዬ የማይሰለቸው አያቴ ብቻ ነበር።

አባባ የምንለው ይህ የአባቴ አባት ሸማኔ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጨንቻ ኖሮ፣ በስተርጅና አስም ደረቱን ሲይዘው ሐኪም «ብርድ አይስማማዎትም፤ ቆላ ይውረዱ» ስላለው እኛ ጋ መጣ። አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ ይደበላለቅበታል፤ ፀሐይን «ወጣ» ይላታል፣ እኔንም አንዳንዴ «ና» ብሎ ይጠራኛል። እናቴ በአገሯ ወግ አንቱ እንድንለው ብታስተምረንም እሱ ግን «አንቱ ስትሉኝ ከማዶ ሆናችሁ የምትጠሩኝ ይመስለኛል» ስላለ አንተ እንለው ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስቀምጥ ደጅ ሰሌን ይነጠፋል። አባባ ከሽፈራው ዛፉ ሥር ዱካው ላይ ይቀመጣል፤ የወባ ትንኝ እንዲርቅ እናቴ ፍም ላይ እርጥብ የኒም ቅጠል ትጨምርና መራራው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ በግቢው ውስጥ ይዞራል። መብራት በጠፋ ቀን ፋኖሱ ዛፉ ላይ ይሰቀላል። የጎረቤት ልጆችም ጠረኑን ተከትለው የሚመጡ ይመስል አንድ በአንድ እየገቡ ሰሌኑን ይሞሉታል። እኔ የቀኑን ጥያቄዬን አቀርባለሁ፤ አባባ ጉሮሮውን ጠርጎ «ተረት ተረት» ይላል፤ «የላም በረት» እንላለን፤ መልሴም በተረት መልክ ይመጣልኛል።

አንድ ምሽት «ጨንቻ ተራራ ላይ ነው፣ ለፀሐይ ይቀርባል። ታዲያ እዚያ የሚበርደው፣ እዚህ የሚሞቀው ለምንድን ነው?» አልኩት። አባባ በጣም ደስ አለው፤ አገሩን መጠየቄ ነበርና።

እንዲህ ነበር የነገረን። ድሮ ፀሐይ በየቤቱ እየዞረች ሰው ትጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ወደ ተራራው ስትመጣ ተራራው «እኔ እንደዚህ ረጅም ሆኜ ለማን ብዬ ነው የምነሣው?» ብሎ ቁጭ እንዳለ ሰላምታ ሰጣት። ከሥሩ ያለው ሜዳ ግን ድሃ ቢሆንም ተንደርድሮ ተነሣ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ «እረፊ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ በተራራው ራስ ላይ ዓይኗን ሳትጥል ታልፋለች፤ ወርዳ የምትቀመጠው ሜዳው ቤት ነው። አባባ በእጁ ወደ እኛ እያመለከተ «ፀሐይ እናንተ ቤት ነው የሚቀመጠው። እኛን ዝም ብሎ ያልፈናል» ብሎ ጨረሰ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ላይ፣ በጨለማው ውስጥ ወደማይታየው ተራራ አቅጣጫ ዞር ብለው ያዩ ነበር።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አምስተኛ ክፍል እንደገባን፣ ሳይንስ የሚያስተምረን ወጣቱ ቲቸር ደምሴ ቾኩን እያገላበጠ «ከአርባ ምንጭና ከጨንቻ ለፀሐይ የሚቀርበው የቱ ነው?» አለን። «ጨንቻ!» ብለን ጮኽን። «ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ሲል ሁሉም አቀረቀረ። የእኔ እጅ ብቻ ወጣ። ተነሥቼ ቆምኩና ሙሉውን ተረት፣ ምንጣፉንም ሳላስቀር፣ በኩራት አወራሁላቸው።

ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እስከ ሰሌዳው ደረሰ። «ፀሐይ ተቀየመች!» ይላል አንዱ፤ «እረፊ አላት!» ይላል ሌላው። ቲቸር ደምሴ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ለመያዝ ሲታገል አየሁት፤ ከሁሉም የከፋብኝ እሱ ነበር። «ይሄ ተረት ነው፤ ደስ ይላል። እውነተኛውን ምክንያት ደግሞ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እናያለን» አለ፤ ደወሉም ተደወለ። እስከ ቤቴ በር ድረስ «ቂመኛዋ ፀሐይ» እያሉ ሸኙኝ። ከሸኙኝም መካከል ማታ ማታ ሰሌናችን ላይ የሚቀመጡት ነበሩበት።

የዚያን ዕለት ምሽት አባባ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ተረት ተረት» አለ። ልጆቹ «የላም በረት» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። አባባ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና ደገመው።

«ተረት ተረት።»

«እርስዎ ውሸታም ነዎት» አልኩት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያልኩት ያኔ ነው። እናቴ በእጇ የያዘችውን ድስት አስቀምጣ «ምን አልሽ?» ብላ ስትነሣ አባባ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። አልተቆጣኝም። ከፍሙ ወጥታ የወደቀችውን እንጨት አንስቶ ቀስ ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ከዚያ «ዛሬ ደክሞኛል» አለና ዱካውን ራሱ ተሸክሞ ገባ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔ በጭሱ አሳብቤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ተረት የለም። አባባ ከእራት በኋላ ገብቶ ይተኛል። መስቀል ሲደርስ ከአጎቴ ጋር ወደ ጨንቻ ወጣ፤ እናቴ ተረኛ ስለነበረች እኛ ቀረን። በዓሉ አለፈ፣ ጥቅምት አለቀ፣ አባባ ግን አልተመለሰም። ሞባይል ያኔ በየኪሱ አልገባም ነበርና ወሬው የሚመጣልን ወደ ገበያ በሚወርዱ ዘመዶች አፍ ነበር፤ ኅዳር ላይ አንዷ ለእናቴ «አባትዬው ይስላል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው» ብላ ነገረቻት። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። አለማየቷ ከማየት ብሶ ተሰማኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እኔን ይዞ ተሳፈረ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሁለቱ ሐይቆች ከሥራችን እየሰፉ፣ የሙዝ ማሳዎቹ እንደ ጎመን መደብ እያነሱ ሄዱ፤ ሹራቤን ደርቤ ለበስኩ። ስንደርስ አባባ ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤቱ ውስጥ፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከስቶ ነበር። ትንፋሹ ገና ከበሩ ይሰማል፤ ፉጨት የመሰለ ነገር አለበት።

አባቴ ብዙ ለመነው። አባባ መልሱ አንድ ነበር፤ «እዚህ ደኅና ነኝ።» በመጨረሻ አባቴ «እንግዲህ አንቺ ንገሪው» ብሎኝ ወጣ።

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «አባባ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ብቻ ነው።

አጠገቡ አስቀመጠኝ። «ተረቱን ምን ብዬ ጀመርኩ?» አለኝ።

«ተረት ተረት።»

«አንቺስ?»

«የላም በረት።»

«አየሽ፤ ወደ ተረቱ አብረን ነው የገባነው። አልዋሸሁሽም» አለ። ትንሽ ሳለና ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ፤ «ግን በእኔ ምክንያት ሳቁብሽ። የጎረቤቱ ልጅ ነገረኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ እውነቱን አላውቀውም። ነገ ደግሞ ሌላ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ተረት አወራለሁ፣ እነሱ ደግሞ ይስቃሉ። ስለዚህ መጣሁ።»

ተቀይሞኝ የሄደ ነበር የመሰለኝ። ለካስ አፍሮ ነው፤ ስለ እኔ አፍሮ።

«እውነቱ ምንድን ነው?» አለኝ ወዲያው ጎንበስ ብሎ። «መምህሩ ነግሯችኋል አይደል?»

ነግሮናል። ያወቅኩትን ያህል እየተንተባተብኩ ነገርኩት፤ ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች የጨንቻ ከፍታ ከርቀቷ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ፣ ፀሐይ በመጀመሪያ የምታሞቀው መሬቱን እንደሆነ፣ አየሩም ከመሬቱ እንደሚሞቅ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን አየሩ እየሳሳ ሙቀት መያዝ እንደሚያቅተው። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ይሳሳል» ላይ ስደርስ ገለጠው።

«ይሳሳል? እንደ ነጠላ?»

«አዎ፣ እንደ ነጠላ።»

«ታዲያ ይህን እኔን ይጠይቁኝ ነበር እኮ!» አለና ጉልበቱን መታ። «ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቆላው ጋቢ ለብሷል፣ እኛ ነጠላ ለብሰናል። ይሄው ነው!» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ብዙ ቆየ። ሲያበቃ ዓይኑን ጠርጎ «በይ እንግዲህ፣ ወደ ጋቢው ውሰጂኝ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስንወርድ በመስኮቱ በኩል እኔና አባባ ነበርን። ከመነሣታችን በፊት መድኃኒቱን የዋጠበትን የሃይላንድ ውሃ ጨርሶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘግቶ ባዶውን የላስቲክ ጠርሙስ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር። ጠመዝማዛውን ካጋመስን በኋላ ላስቲኩ «ቀጭ» አለ። አባባ እጁን አነሣ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ቀጭ» አለና ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልነካውም። አባባ እጆቹን በአየር ላይ እንደያዘ ቀርቶ «ማን ነው የጨመቀው?» አለ፤ አጠገባችን የነበሩት ሴትዮ አማተቡ። እኔም አላውቅም ነበር። ላስቲኩን እያየሁ፣ የሹራቤ ሙቀት እየከበደኝ ሲመጣ፣ ድንገት ገባኝ።

«አባባ፣ ጋቢው ነው! ላይ ስትዘጋው ስሱ አየር ነው የገባው። እዚህ ወፍራሙ አየር ከውጭ እየጨመቀው ነው!»

አባባ ላስቲኩን አንስቶ በብርሃኑ አገላብጦ አየው። «አየር ጉልበት አለው?» አለ በቀስታ። ሰባ ዓመት ሲተነፍሰው፣ ኋላም ሲነፍገው የኖረውን ነገር ገና ያኔ ያየው ይመስል ነበር።

ሰኞ ላስቲኩን ክዳኑን ሳልከፍት ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ቲቸር ደምሴ ታሪኩን አስጨርሶኝ ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመውና «ትክክል ነው። ይሄን በመጽሐፍ አነበብኩት እንጂ በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ማን ነው ያየው?» አለኝ። «አያቴ» አልኩ። በዚያን ቀን የሳቀ ልጅ አልነበረም። ቲቸር ደምሴም በሳምንቱ ቤታችን ድረስ መጥቶ ከአባባ ጋር ጨዋታ ያዘ፤ ስለ አየር ጀምረው ስለ ሽመና ጨረሱ።

አባባ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል አብሮን ኖረ። ተረቱ ተመለሰ፤ ልጆቹም ተመለሱ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ተረቱን ሲጨርስ ዱካውን ወደ እኔ ያዞርና ለልጆቹ «የእኔ ይህ ነው። እውነቱን ደግሞ እሷ ትነግራችኋለች» ይላል። እኔ ያወቅኩትን እናገራለሁ፤ ያላወቅኩትን «አላውቀውም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» እላለሁ። ልጆቹ የእሱን አፋቸውን ከፍተው ሰምተው፣ የእኔ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ከመካከላቸው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያደምጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ።

ዛሬ ሳስበው፣ ተረቶቹን ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ የትምህርት ቤቱንም መልስ ኋላ ሰፋ አድርጌ ተምሬዋለሁ። ያልተለየኝ ያ ጎንበስ ማለቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጆሮውን ሲያቀርብላት፣ ልጅቷ የምትናገረው ነገር እውነት መሆን እንዳለበት በራሷ ጊዜ ይገባታል።